«ባሌ ኤሲውን በዱላ ሊገጥመው ነው!»

መቼስ ወደዚህ አምድ የማይመጣ ጉድ የለም። ባሏ የከዳት፣ አማቷ ያስመረረቻት፣ እጮኛው ብሩን ይዛበት የጠፋችበት... ሁሉንም እንደ አቅማችን አስተናግደናል። ሰሞኑን ከድሬዳዋ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን ለየት ይላል። የትዳር ጠብ መሆኑን የትዳር ጠብ ነው። የጠቡ መነሻ ግን ውሽማም አይደለች፣ ገንዘብም አይደለ። ኤሲ ነው። አዎ፣ መስኮት ላይ ተሰክቶ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው ኤሲ!

ባለደብዳቤዋ ስሜ አይጠቀስ ስላለች አልጠቅስም። ጽሑፏን ትንሽ አሳጥሬ እነሆ፦

«አቦ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም። የልጆቹ መኝታ ቤት መስኮት ላይ ድሮ የተገጠመ ኤሲ አለ። በቀዝቃዛው ወራት አላበራነውም ነበር። አሁን ሙቀቱ ሲመጣ ልናበራው ስንል ውስጡ የሚንጫጫ ነገር ሰማን። ማታ ማታ ይቧጥጣል፣ ጭው ጭው ይላል። ከመስኮቱ ስር ጥቁር አዝሙድ የመሰለ ነገር ይፈሳል። ሽታውማ አይጣል ነው! ባሌ ‹እባብ ነው፣ ኤሲውን ላብራውና ይክተፈው› ይላል። ወንድሙ ደግሞ ‹በርበሬና ጎማ እናጭስበት› ይላል። አማቴ ‹ዋኔ ናት፣ ዋኔ በረከት ናት፣ የነካት ልጄ አይደለም› ብላ በር ላይ ቆማለች። እናትና ልጅ ከተኮራረፉ ሳምንት አለፋቸው። እኔ መሐል ቤት ተቃጠልኩ። ባሌ ቅዳሜ ከበርጫ መልስ በዱላ ሊገጥመው ዝቷል። ምን ትለኛለህ?»

ከደብዳቤው ግርጌ፣ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ፣ እንዲህ የምትል መስመር አለች፦

«ረስቼው። ባለፈው እሁድ ከኤሲው ስር አይጥ የመሰለች ነገር ወድቃ ትልቁ ልጄ ሲያነሳት ጣቱን ጫር አድርጋዋለች። ደም እንኳ በደንብ አልወጣውም። አሁን ደህና ነው።»

ወገኖቼ፣ ስለ ኤሲው፣ ስለ ባልየውና ስለ አማትየዋ የተጻፈውን ፈገግ እያልኩ ነበር ያነበብኩት። ከወንበሬ ያስነሳችኝ ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት። እመቤቲቱ ደግነቱ ስልክ ቁጥሯን ጽፋልኛለች። ጋዜጣው እስኪታተም መጠበቅ አልቻልኩም፤ ወዲያው ደወልኩ።

«ያቺ አይጥ ክንፍ ነበራት?» አልኳት።

«ቆይ ልጁን ልጠይቀው» አለችና ተጣራች። ልጁ ከሩቅ ሲመልስ እኔም ሰማሁት። «አዎ፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ!»

የሌሊት ወፍ ናት። ያኔ ሳላቅማማ የነገርኳትን ለእናንተም እደግመዋለሁ። አንደኛ፣ ቁስሉ ቢደርቅም ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው። ሁለተኛ፣ ዛሬውኑ ልጁን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂና «የሌሊት ወፍ ነክሳዋለች» ብለሽ ቁርጡን ተናገሪ። «ጫር አደረገችው» ብለሽ አታቅልይው። የሌሊት ወፍ ጥርስ እንደ መርፌ ጫፍ ስለሆነ ምልክቱ ላይታይ ይችላል።

ለምን እንዲህ አካበድኩት? በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነዋ! በአገራችን ይህ በሽታ በአብዛኛው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ነገር ግን ሌሎች አጥቢ እንስሳትም ያስተላልፋሉ፣ የሌሊት ወፍም አንዷ ናት። በሽታው ከነከሰ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ የተጀመረ ክትባት ደግሞ ያድናል። ስለዚህ «አሁን ደህና ነው» የሚለው ቃል በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ዋስትና አይሆንም። የሌሊት ወፍ ሁሉ በሽተኛ ናት ማለቴ አይደለም፤ አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። ግን ጤነኛና ለአቅመ መብረር የደረሰች የሌሊት ወፍ መሬት ላይ ተዘርግታ የሕፃን እጅ አትጠብቅም።

ማታውኑ መልሳ ደወለችልኝ። ሐኪሙ ልጁን አይቶ ክትባት አስጀምሮታል። ተመስገን ነው። አሁን ወደ ኤሲው እንመለስ።

እኔም አንድ ጊዜ...

ስለዚህ ጉዳይ አፌን ሞልቼ የምናገረው ስለነደደኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በሥራ ምክንያት ድሬዳዋ ተቀምጬ ነበር። ድሬን ለማታውቁ፣ ከተማዋ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአዲስ አበባ ግማሽ ያህል ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግድግዳው ራሱ ሙቀት ይተፋል። የተከራየሁት ከዚራ ሰፈር አንዲት ክፍል ነበር። መስኮቷ ላይ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ የሚመስል ኤሲ ተሰክቷል።

አንድ ቀን ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ሙቀቱ አናቴን ሊፈነክተው ደረሰ። ለወራት ያልነካሁትን ኤሲ ለኮስኩት። ቋ! ጠጠጠጠ! የሆነ ነገር ተከተፈ። ላባ ይሁን አቧራ ክፍሉን ሞላው። ከሁለት ቀን በፊት ግቢው ውስጥ እባብ ታይቶ ስለነበር፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ «እባብ!» ብዬ ጮህኩ። ማዞሪያውን ወደ ማጥፊያው መልሼ ወደ በረንዳ ሮጥኩ።

የአከራዬ ልጅ ደረሰልኝ። 12ኛ ክፍል ነው። ማትሪክ ሊፈተን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። «ጠፍቷል?» አለኝ። «አዎ፣ አጥፍቼዋለሁ» አልኩት። ወንበር ላይ ወጣ፣ የፊት ክዳኑን ነቀለ፣ በገበታ ቢላ ውስጡን ወጋ ወጋ አደረገ። ከዚያ ያየሁት መብረቅ መሰል ብልጭታና ልጁ ከወንበሩ ተወርውሮ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ነው።

ማዞሪያውን አጥፍቻለሁ እንጂ ሶኬቱን አልነቀልኩም ነበር።

አምላክ ነፍሱን አተረፈው። የቀኝ እጁ አንጓ ግን ተሰበረ። ጀሶ ታስሮለት የዚያን ዓመት ማትሪክ ሳይፈተን ቀረ፤ ጓደኞቹ ሲያልፉ እሱ አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እናቱ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። «አቦ፣ ነፍሱ አለች» ብቻ አለችኝ። ያቺ ቃል ከስድብ የበለጠ ታመኛለች።

ማታ ባለሙያ መጥቶ ሶኬቱን ነቅሎ ሲከፍተው «እባቡ» ተገኘ። አንዲት ዋኔ ናት። መቶ ግራም ብትመዝን ነው። የኋለኛው ማራገቢያ ገድሏታል። ጎጆዋ ውስጥ ላባ ያላወጡ ሁለት ጫጩቶች ነበሩ፤ እነሱም አልቆዩም። ለአንዲት ዋኔ የአንድ ልጅ አንድ ዓመት ከፈልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ደግሞ የለቀመው ሌላ ሰው ነው።

አንደኛ፦ አታብሩት፣ ንቀሉት!

«ላብራውና ይውጣ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አለ። አይወጣም! ወይ ማራገቢያው ይከትፈዋል፣ ወይ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ወይ ሞቶ ሽታው ለሳምንታት ያስነጥሳችኋል። ማራገቢያውም ይሰበራል። ማጥፊያውን መጫን በቂ አይደለም። ሶኬቱን ንቀሉ። ሶኬቱ የማይደረስበት ከሆነ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር አውርዱ፣ ማንም እንዳያበራውም ወረቀት ለጥፉበት።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልጨምር። ኤሲ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ ጣሳ መሰል ነገር አለ። ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሰውን የሚመታ ኃይል ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ተነቅሏል ብላችሁ ጓዳውን በዊንጭትና በቢላ አትጎርጉሩ። የውስጡ ሥራ የባለሙያ ነው። የእናንተ ሥራ ከውጭ ማየት፣ መንገድ መክፈትና መንገድ መዝጋት ነው።

ሁለተኛ፦ እንግዳው ማን ነው?

ሳያውቁ መግጠም የለም። ቀን በባትሪ፣ ከውጭ በኩል፣ አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ እዩ። ምልክቶቹ እነሆ፦

ገለባ፣ ጭራሮና ላባ ከታየ፣ ድምፁም በቀን ከተሰማ ወፍ ነው። ድንቢጥ፣ ዋኔ ወይም ርግብ ሊሆን ይችላል።

ትንንሽ ጥቁር ፍግ ከታየ በጓንት፣ በእንጨት ጫፍ ጫን አድርጉት። እንደ ዱቄት ከተፈረፈረና የነፍሳት ክንፍ ስባሪ ካብለጨለጨ የሌሊት ወፍ ነው። ጠንካራ ሆኖ ካልተፈረፈረ የአይጥ ነው። አይጥ የተቆረጠመ ሽቦና የተቦጨቀ ስፖንጅም ይተዋል።

የተገለፈፈ ቆዳ ካያችሁ ወይም ይንጫጩ የነበሩ ጫጩቶች ድንገት ዝም ካሉ እባብን ጠርጥሩ። እባብ ኤሲ ወድዶ አይመጣም፤ አይጥና ጫጩት ተከትሎ ነው የሚመጣው።

የድሬዋ እህቴ በጻፈችው መሠረት እንግዶቿ የሌሊት ወፎች መሆናቸው አያጠራጥርም። የሌሊት ድምፅ፣ ጥቁር አዝሙድ የመሰለ ፍግ፣ ያቺ የወደቀችው... ሁሉም ገጠመ። ባልሽም ተሳስቷል፣ አማትሽም ተሳስታለች። በዚህ እንኳ እኩል ናቸው!

ሦስተኛ፦ ወፍ ከሆነ

እንቁላልም ጫጩትም የሌለው ጎጆ ከሆነ ችግር የለም፤ ጓንት አድርጋችሁ አንሱት፣ ቀዳዳውን በዚያው ቀን ድፈኑ። ካልደፈናችሁ በማግስቱ እንደገና ይሠራል። እንቁላል ወይም ጫጩት ካለው ግን ታገሡ። ዋኔ እንቁላሏን የምትታቀፈው ሁለት ሳምንት ግድም ነው፤ ጫጩቶቿ ለመብረርም ሁለት ሳምንት ያህል ይበቃቸዋል። ድንቢጥም እንደዚሁ ነው። ትልቋ ርግብ ትንሽ ትረዝማለች። አንድ ወር ኤሲ ሳይበራ ቢከርም ሰው አይሞትም። የሞቱ ጫጩቶች ሽታ ግን ከወር ሙቀት ይከፋል።

አራተኛ፦ የሌሊት ወፍ ከሆነ

መጀመሪያ ልጆቹ ከዚያ ክፍል ይውጡ። ሌላ ክፍል ይተኙ። በኤሲውና በመስኮቱ ፍሬም መካከል ያለውን ክፍተት በቤት ውስጥ በኩል በጣውላና በስቱኮ ድፈኑ፤ ወደ መኝታ ቤት እንዳይገቡ። የውጩን ግን ገና አትድፈኑ! ውስጥ የታፈነ የሌሊት ወፍ ወይ ይሞታል፣ ወይ ወደ ሰው የሚወስድ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ፀሐይ ስትጠልቅ ወንበር አውጥታችሁ ግቢ ተቀመጡ። ከየት ቀዳዳ እንደሚወጡ እዩ። ቁጠሯቸው። ሁሉም ከወጡ በኋላ ጆሯችሁን ስጡ። ውስጡ አሁንም ጭው ጭው ካለ መብረር ያልቻሉ ልጆች አሉ ማለት ነው። እንግዲያው ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ጠብቁ። የሌሊት ወፎች ብዙውን ጊዜ የሚወልዱት ነፍሳት በሚበዙበት በዝናቡ ወራት አካባቢ ነው። እናቶቹን ከደጅ ዘግታችሁ ልጆቹን ውስጥ ብትተዉ በረሃብ ያልቁና ቤቱን ያገሙታል።

ልጆች ከሌሉ ወይም ካደጉ በኋላ ዘዴው ቀላል ነው። አንድ ሜትር ያህል መረብ ወይም ወፈር ያለ ላስቲክ ቁረጡ። ከመውጫው ቀዳዳ በላይና በግራ በቀኝ ምቱት፣ ከታች በኩል ግን ክፍት ይሁን፤ ከቀዳዳው በታች ግማሽ ሜትር ያህል ይንጠልጠል። የሌሊት ወፍ ስትወጣ ተንሸራታ በታች በኩል ታመልጣለች፤ ስትመለስ ግን ቀዳዳው ጋ ለማረፍ ትሞክርና መጋረጃው ይከለክላታል። አንድ ሳምንት እንዲሁ ተዉት። ድምፅ ከጠፋ መጋረጃውን አንስታችሁ ድፈኑት። አንድም ነፍስ ሳይጠፋ፣ አንድም ሰው ሳይነከስ አለቀ!

አንዷ ወደ ክፍል ከገባችስ? ሰው ሁሉ ይውጣ፣ የውስጥ በሮች ይዘጉ፣ መስኮት ይከፈት፣ መብራት ይጥፋ። ራሷ ትወጣለች። በፎጣና በመጥረጊያ አታባርሯት። ሕፃን በተኛበት ክፍል ካገኛችኋት ግን፣ ንክሻ ባይታይም፣ ሐኪም ይጠየቅ።

እባብ ከሆነ ደግሞ ጀግንነት አያስፈልግም። ሰው ከክፍሉ ይውጣ፣ የበሩ ስር በፎጣ ይደፈን፣ አንድ ሰው ከሩቅ ይጠብቅ። ከዚያ ልምድ ያለው ሰው ይጠራ፣ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎች ይነገር። ዓይን ላይ መርዝ የሚተፋ እባብም በአገራችን አለ። ከተፋ ዓይንን ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ከነከሰ ደግሞ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር ክልክል ነው! ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ የተነከሰውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

የማይደረጉ ነገሮች

ጎማና በርበሬ ማጨስ፦ ኤሲ ውስጥ ፕላስቲክና ስፖንጅ አለ። እሳት ይነሣል። ጭሱም ወደ ሕፃናቱ መኝታ ነው የሚገባው። በጭስ የደነገጠ የሌሊት ወፍ ደግሞ የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ጋዝና ቤንዚን መርጨት፦ ይህን እንኳ አልመልስም። ቤታችሁን የምትጠሉ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

የፈላ ውሃ፦ ውሃና ኤሌክትሪክ! የኔን ታሪክ መልሳችሁ አንብቡ።

መርዝ፦ መርዝ የበላ አይጥ ኤሲው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይሞታል። እሱን የበላች ድመት ትከተለዋለች። ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ መርዝ ጨርሶ አይገባም።

ዱላ፦ ኤሲው ጀርባ ላይ ያሉት የአሉሚኒየም ክንፎች በጣት ይታጠፋሉ። ከኋላቸው ያለው ቱቦ ከተበሳ ጋዙ ይወጣል። እንግዳው ይቀራል፣ ማቀዝቀዣው ይሞታል።

ደግሞ ሕግም አለ። የዱር እንስሳት ሕጋችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። የሌሊት ወፍም ብትሆን ከንቱ ፍጥረት አይደለችም፤ ነፍሳት የምትበላዋ ዓይነት ሌሊቱን ሙሉ እያደነች ነው የምታድረው። ቤታችን ውስጥ አትኑር እንጂ ሰፈራችን ውስጥ ብትኖር ለእኛው ነው።

ከወጡ በኋላ

የደረቀ የወፍና የሌሊት ወፍ ኩስ አቧራው ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ ፈንገስ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በደረቁ አትጥረጉ፣ አታራግፉ። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጋችሁ፣ መሬቱንና የመስኮቱን ደፍ መጀመሪያ አርጥቡት። ከዚያ በጨርቅ ሰብስባችሁ በፌስታል ቋጥሩ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ መሬቱን እጠቡ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ የኤሲው አሉሚኒየም ላይም አታድርጉ፤ ይበላዋል። የኤሲውን ውስጥ ባለሙያው አውጥቶ ያጽዳው፣ የተቆረጠመ ሽቦም ካለ ይየው። ከዚያ በፊት አይበራም!

ቀጥሎ መንገዱን ዝጉ። ለወፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ዓይን ያለው ወንፊት ሽቦ ይበቃል። አይጥ ግን የእርሳስ ውፍረት ባላት ቀዳዳ ስለምትገባ ከዚያ የጠበበ ሽቦ ያስፈልጋል። የሌሊት ወፍም የአውራ ጣት ውፍረት ይበቃታል። የኤሲው ጎንና ጀርባ አየር የሚስብበትና የሚተፋበት ነው። በላስቲክ ወይም በትንኝ መረብ ጥፍንግ አድርጋችሁ ብታፍኑት አየር አጥቶ ይቃጠላል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አዲሱ ዓይነት ኤሲ ያላችሁ፣ ቱቦው ግድግዳ የሚበሳበትን ቀዳዳ በስቱኮ ድፈኑ፤ የውሃ መውረጃ ቱቦው ጫፍ ላይም ወንፊት እሰሩ። ጌኮ የምትባለዋ የግድግዳ እንሽላሊት በዚያ ገብታ ሽቦ ለሽቦ ታገናኝና መቃጠል ታመጣለች።

«እኛ አዲስ አበባ ነን፣ ኤሲ የት አለን?» የምትሉ አላችሁ። ፍሪጅ የላችሁም? የፍሪጅ ሞተር ይሞቃል፤ በክረምት ለአይጥ ከዚያ የተሻለ ሆቴል የለም። ከፍሪጁ ጀርባ የሚቧጥጥ ነገር ከሰማችሁ ሕጉ ያው ነው። ንቀሉት፣ ከግድግዳው ሳቡት፣ እዩ፤ ሽቦው ተቆርጥሞ ከሆነ ሳይጠገን አትሰኩት።

በሙቀቱ ምን እንሁን?

ይህ የድሬ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኤሲው እስኪለቀቅ ቬንትሌተር ይግባ። የድሬ አየር ደረቅ በሚሆንበት ጊዜ የረጠበ ነጠላ ወይም አንሶላ መስኮት ላይ መስቀል ነፋሱን ያበርደዋል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ቀን በመጋረጃ ይዘጋ፣ ማታ ይከፈት። ግቢ የምታድሩ ያለ አጎበር አትደሩ። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በደንጊ ወረርሽኝ፣ በ2022 ደግሞ በወባ ወረርሽኝ ተመታለች። ደንጊ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትነክሰው በአብዛኛው በቀን ስለሆነ ሕፃናት ቀን ሲተኙም አጎበር ይዘርጋላቸው። ኤሲ የምታበሩም ልብ በሉ። ከሥሩ ውሃ ለመያዝ ያስቀመጣችሁት ባልዲ ለትንኝ መራቢያ ነው። በየቀኑ ድፉት።

አሁን ለባልየው አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ የድሬ ሰው አንቱታ ስለማያውቅ አንተ ልበልህ። ሚስትህና ልጆችህ ፊት ደፋር ሆኖ መታየት መፈለግህ ይገባኛል፤ እኔም በዚያ ዕድሜ እንዳንተ ነበርኩ። ኤሌክትሪክ ግን ወንድነት አይቆጥርም። እውነተኛው ድፍረት ሶኬቱን ነቅሎ «እንጠብቅ» ማለት ነው። ለአማትየዋም፣ እማማ፣ ልብዎ ደግ ነው፤ እንስሳ አይገደል ማለትዎ ትክክል ነው። የልጅ ልጅዎ በተኛበት ክፍል ግን «በረከት ነው፣ አትንኩ» ብሎ መተውም አይሆንም። (እርስዎን አንቱ ያልኩት የአዲስ አበባ ልማድ ሆኖብኝ ነው!)

ለዚህ ጽሑፍ ስትል ባለፈው ሰሞን ደግሜ ደውዬላት ነበር የምትሉኝ እንዳትኖሩ፤ የደወልኩት ልጁ አሳስቦኝ ነው። ሦስተኛውን መርፌ ወስዷል። «አላለቀም፣ ሐኪሙ የጻፈለት ቀን አንድም እንዳይዘለል» አልኳት። ዱላው ወደ ቦታው ተመልሷል። ልጆቹ ሳሎን ተኝተዋል። ባልየው በዚያች በፈራናት ቅዳሜ አመሻሽ ሻይ ይዞ ግቢ ተቀምጦ አሥራ ሰባት የሌሊት ወፍ ቆጥሯል። ሁለተኛው ማታ ላይ እናቱም ወንበሯን አውጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። «እኔ አሥራ ዘጠኝ ነው የቆጠርኩት» አለችው፤ በዚያው ኩርፊያው ተፈታ። ሁሉም ወጥተው ካለቁ በኋላ ውስጡ አሁንም ጭው ጭው ይላልና እየጠበቁ ነው። እኔም ከአዲስ አበባ አብሬ እየጠበቅሁ ነው።

የዚያን ጊዜው የአከራዬ ልጅስ? በዓመቱ ተፈትኖ አለፈ። ብርድ ሲሆን እጁን እንደሚቆጠቁጠው ግን ነግሮኛል። ደግነቱ ድሬ ብርድ የለም ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን።